ለኮድ ጸሐፊ ኤጀንቶች የሚዘጋጁ የፍለጋ መሣሪያዎች የተሟላ መግለጫ ያስፈልጋቸዋል

የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባና የማረጋገጫ ደብተር አሰጣጥ በመላ ክልሉ ከመስፋፋቱ በፊት በሁለት ቀበሌዎች በሙከራ ደረጃ ተካሂዶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ገራዶ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 46 ላይ የተመሠረተው ይኸው ሥራ፣ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 ኋላም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 እየተሻሻለ ቀጥሏል።

በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን የተገለጸው በካርታ ሳይሆን በአዋሳኝ ባለይዞታዎች ስም ነበር። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬትም በሁለቱም ስም ተመዝግቦ የሁለቱም ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ከአየርና ከሳተላይት በተነሡ ምስሎች የተዘጋጀ የማሳ ካርታ ጨምሯል። መረጃውም ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር መዛወር ጀምሯል። በክልሉ ኢስላ የተሰኘው የመሬት መረጃ ሥርዓት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የለማው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ለዚሁ ዓላማ የተሠሩ ናቸው።

ስለሆነም የአርሶ አደሩ መብት የሚጠበቀው በደብተሩና በመዝገቡ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ጭምር ሆኗል። ፕሮግራሙ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ሕግ ሲሻሻል፣ ቅጽ ሲቀየር፣ ወረዳ ሲከፈል ወይም ሲዋሃድ አብሮ መስተካከል አለበት። ለአብነት ያህል በፌዴራል ደረጃ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ሲተካ፣ በቀድሞው ድንጋጌ መሠረት የተጻፈ ማንኛውም ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር መመሳከሩ የግድ ነው።

ይህን የማስተካከል ሥራ በዓለም ዙሪያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠሩ «ኮድ ጸሐፊ ኤጀንቶች» መስጠት እየተለመደ መጥቷል። ኤጀንቶቹ ሥራቸውን በትክክል መሥራት አለመሥራታቸውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ በኮዱ ውስጥ የሚፈልጉትን የሚያገኙበት መሣሪያና ለዚያ መሣሪያ የተጻፈው መግለጫ ነው።

ኤጀንት ምንድን ነው? ፍለጋስ ለምን ያስፈልገዋል?

አንድ ፕሮግራም የተሠራበት ሶርስ ኮድ ባለሙያዎች ለኮምፒዩተሩ የጻፉት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የተሠራ መካከለኛ ሥርዓት በብዙ መቶ ፋይሎች የተከፋፈለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ሊኖረው ይችላል። ኮድ ጸሐፊ ኤጀንት በሰው ቋንቋ ትእዛዝ ተቀብሎ ይህን ኮድ የሚያነብ፣ የሚያሻሽልና የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው።

ኤጀንቱ በአንድ ጊዜ አንብቦ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ የተወሰነ ነው። ሁሉንም ፋይል ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መሥራት ስለማይችል ለተሰጠው ጉዳይ የሚያስፈልገውን ክፍል ፈልጎ ማውጣት ይኖርበታል። ይህን የሚያከናውንለት የፍለጋ መሣሪያ ነው። ኤጀንቱ የመሣሪያውን አሠራር ውስጡን ገልጦ አያይም። የሚያውቀው ስሙን፣ የሚቀበለውን የጥያቄ ዓይነትና አዘጋጁ የጻፈለትን መግለጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ይፋ ያደረገውና ሌሎችም የተቀበሉት ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘው የግንኙነት ሥርዓትም፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በስምና በሰው ቋንቋ በተጻፈ መግለጫ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ያደርጋል።

ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ የተመደበ ሠራተኛ መዝገብ ቤት ሄዶ ፋይል የሚጠይቀው፣ መዝገቦቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ በተነገረው መጠን ነው። በባለጉዳይ ስም ይሁን በመዝገብ ቁጥር ወይም በዓመተ ምሕረት ካልተነገረው፣ ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ብሎ ሊመለስ ይችላል። ልምድ ያለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን «መዝገቡ የለም»፣ «በዚህ ቁጥር አልተገኘም» እና «ወጪ ሆኖ ሌላ ክፍል ነው ያለው» የሚሉትን ሦስት መልሶች ለይቶ ይናገራል።

ሦስት ዓይነት የፍለጋ መሣሪያዎች

በሥራ ላይ ያሉት የኮድ ፍለጋ መሣሪያዎች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ቃልን ፊደል በፊደል የሚፈልገው ነው። መነሻው ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ለዩኒክስ ሥርዓት የሠራው «ግሬፕ» የተባለ ፕሮግራም ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ፈጣንና እርግጠኛ ቢሆንም ከተጠየቀው ቃል በአንድ ፊደል የሚለየውን አያመጣም።

ሁለተኛው የኮዱን አወቃቀር ተንትኖ የፈንክሽኖችን ማውጫ የሚያዘጋጅ ነው። አንድ ፈንክሽን የት እንደተጻፈና ከየትኞቹ ቦታዎች እንደሚጠራ ያሳያል። ሆኖም ስሙ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ማውጫውም ከኮዱ ጋር እኩል ካልታደሰ የቆየ መልስ ይሰጣል።

ሦስተኛው በትርጉም ቅርበት የሚፈልግ ነው። ጥያቄውንና የኮዱን ክፍሎች ወደ ቁጥሮች ለውጦ ይበልጥ የሚቀራረቡትን ያቀርባል። የፈንክሽኑን ስም ለማያውቅ ፈላጊ ይጠቅማል። ነገር ግን ትክክለኛው መልስ በኮዱ ውስጥ ባይኖርም ቀረብ ያለውን ያመጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን አይመለስም። በተጨማሪም በብዛት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሠለጠነ ሞዴል ላይ ሲመሠረት በአማርኛ የተጻፈን ማብራሪያ በሚገባ ላያዛምድ ይችላል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው መሣሪያ የተገኘ ባዶ መልስና ከሦስተኛው የተገኘ ሙሉ መልስ ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ። የሚያሳስቱበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። መግለጫው ይህን ልዩነት ካልተናገረ ኤጀንቱ ሁለቱንም እንደ እኩል ማስረጃ ይወስዳቸዋል።

የአማርኛ ፊደልና የአገርኛ ስሞች የሚያመጡት ችግር

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለሚሠራ ፕሮግራም ጉዳዩን የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው የሚያደርጉ ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በዚህ ሥርዓት ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ለአንባቢ አንድ ድምፅ የሆነው ለኮምፒዩተር የተለያየ ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ፊደል በፊደል የሚሠራ መሣሪያ አያገኘውም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል አሰያየም ይከተሉ ስለነበር፣ በእነርሱ ተጽፎ የቆየ ፋይል ሳይለወጥ በዩኒኮድ ቃል ተፈልጎ አይገኝም።

በኮዱ ውስጥ የሚገኙ የአገርኛ ቃላትም በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ወጥ አይደሉም። «ቀበሌ» የሚለውን ቃል አንዱ ባለሙያ በ«ኬ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኪው» ይጀምረዋል። «ወረዳ»ም ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ በ«ኦ» ወይም በ«ኢ» ሊጻፍ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዓመቱ 13 ወራት አሉት፤ መስከረም 1 በአብዛኛው በግሪጎሪያን ሴፕቴምበር 11፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ 12 ላይ ይውላል፤ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። እነዚህን የሚያሰሉ ፈንክሽኖች በየፋይሉ በተለያየ ስም ተበትነው ሊገኙ ይችላሉ።

ይህ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የመሬት መረጃ ፕሮግራም የባለይዞታን ስም ሲፈልግ የፊደላቱን ልዩነት እንዲያልፍ ኤጀንት ታዘዘ እንበል። ፊደላቱን የሚያመሳስል ፈንክሽን ቀድሞ በምዝገባው ክፍል ተጽፏል፤ ስሙ ግን በላቲን ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ቃል ነው። ኤጀንቱ በእንግሊዝኛ ቃል ፈልጎ ባዶ መልስ አገኘ። የመሣሪያው መግለጫ «ኮድ ይፈልጋል» ከማለት ያለፈ ነገር ስለማይናገር፣ እንዲህ ያለ ፈንክሽን የለም ብሎ ደመደመና አዲስ ጻፈ።

አዲሱ ፈንክሽን ሀ፣ ሐ እና ኀን ያመሳስላል፤ ጸ እና ፀን ግን ዘንግቷል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ በሁለት ሕግ ይሠራል። በምዝገባ መስኮት የምትገኝ «ፀሐይ» የተባለች ባለይዞታ፣ «ጸሐይ» ተብሎ ሲጻፍ በፍለጋ መስኮት አትገኝም። ባሏ የሞተባትና በጋራ የተመዘገበ ይዞታዋን ለማስመስከር የመጣች ሴት «ስምሽ በመዝገብ የለም» ልትባል ትችላለች። በደብተሩ ላይ ግን ስሟም ፎቶግራፏም አለ። ስህተቱ የተፈጠረው ኤጀንቱ ኮድ መጻፍ ስላልቻለ ሳይሆን፣ ባዶ መልስ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ስላልነበረ ነው።

የተሟላ መግለጫ ምን መያዝ አለበት?

ጥሩ መግለጫ ረጅም መሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን ለስድስት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ይኖርበታል። እነርሱም መሣሪያው የትኛውን ማከማቻና የትኛውን እትም ይመለከታል? ምን አይመለከትም? ቃሉን የሚያመሳክረው እንዴት ነው? ከሌሎቹ መሣሪያዎች ይልቅ መቼ ይመረጣል? መልሱ በምን መልክና በምን ያህል ብዛት ይመጣል? ባዶ መልስ ወይም ስህተት ሲያጋጥም ምን ይደረጋል? የሚሉት ናቸው።

ከላይ በተገለጸው ምሳሌ መሣሪያው የሚከተለው መግለጫ ቢኖረው ኖሮ ኤጀንቱ ሌላ መንገድ በሞከረ ነበር።

«ይህ መሣሪያ በመሬት መረጃ ፕሮግራሙ ዋና የኮድ ማከማቻ ውስጥ የተሰጠውን ቃል ፊደል በፊደል ይፈልጋል። በዳታቤዝ ውስጥ ያሉ የባለይዞታ መረጃዎችን፣ የተሰረዙ ፋይሎችንና ከውጭ የተወሰዱ የፕሮግራም ጥቅሎችን አይመለከትም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን እንደ አንድ አይቆጥርም። ስለዚህ የአማርኛ ቃል በሁሉም አጻጻፉ በየተራ ይፈለግ። የአገርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስላላቸው እነርሱም በየተራ ይሞከሩ። የፈንክሽኑ ስም ካልታወቀ የትርጉም ፍለጋው ይቅደም፤ የተገኘውም በዚህ መሣሪያ ይረጋገጥ። መልሱ የፋይሉን አድራሻ፣ የመስመር ቁጥሩንና በዙሪያው ያሉ ጥቂት መስመሮችን ይይዛል። ከ50 በላይ ውጤት ካለ ጥያቄው እንዲጠብ ይጠይቃል። ምንም ካልተገኘ ቃሉ በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም ማለት እንጂ ሥራው በኮዱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም።»

ለውጤት ብዛት ገደብ ማበጀት በጥናት የተሞከረ ነው። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያቀረቡት ኤስ ደብልዩ ኢ ኤጀንት የተባለ ሥርዓት፣ ፍለጋው ከ50 በላይ ውጤት ሲያገኝ ዝርዝሩን ከማቅረብ ይልቅ ጥያቄው እንዲጠብ ይጠይቅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ መቶ መስመር በአንድ ጊዜ ሲመጣ ኤጀንቱ ሊይዝ የሚችለውን ቦታ ሞልቶ ዋናውን ጉዳይ ይሸፍንበታል። ጥናቱ ለሰው የተሠራ መሣሪያ ለኤጀንት እንዳለ ከሚሰጥ ይልቅ ለኤጀንቱ ታስቦ ሲዘጋጅ የተሻለ ውጤት እንደሚገኝም አሳይቷል።

መሣሪያው ራሱ የሚመልሰው የስህተት ቃልም የመግለጫው አካል ነው። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል መልስ ኤጀንቱን የትም አያደርሰውም። «ማውጫው የታደሰው ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ ከመሻሻሉ በፊት ነው፤ እባክዎ የቃል ፍለጋውን ይጠቀሙ» የሚል መልስ ግን ቀጣዩን እርምጃ ያመለክታል።

መግለጫው ስለ ደኅንነትም መናገር አለበት። ኤጀንቱ ፈልጎ ባገኘው ፋይል ውስጥ ትእዛዝ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ሊገኝ ይችላል። ይህ የሚነበብ መረጃ እንጂ የሚፈጸም ትእዛዝ አለመሆኑ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። ይሁንና መግለጫ ብቻውን አጥር አይሆንም። የባለይዞታዎች ስም፣ ፎቶግራፍና የመታወቂያ መረጃ የያዘ ፋይል ከኮዱ ማከማቻ ውስጥ አስቀድሞ መውጣት፣ የመሣሪያውም ፈቃድ በዚያው ልክ መወሰን ይገባዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዙ አካላትን ኃላፊነት የደነገገ በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ በኤጀንት ይሻሻል መባሉ ከዚህ ኃላፊነት ነፃ አያደርግም።

መግለጫው በፈተና ይረጋገጣል

መግለጫ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በንባብ ሳይሆን በሙከራ ነው። ለዚህ የሚረዳው ቀላል ዘዴ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች መልሳቸውን አስቀድመው የሚያውቋቸውን 20 ወይም 30 ጥያቄዎች ማዘጋጀት ነው። «የውርስ ዝውውር የሚመዘገበው በየትኛው ፋይል ነው?»፣ «የማሳ ስፋት ከሄክታር ወደ ካሬ ሜትር የሚለወጠው የት ነው?»፣ «ጳጉሜን 6 የሚሆንበትን ዓመት የሚለየው የትኛው ፈንክሽን ነው?» የሚሉትን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ከእነዚህ ውስጥ በኮዱ ውስጥ መልስ የሌላቸው ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ኤጀንቱ የሌለውን አለ ማለት አለማለቱን ለመለየት ያስችላሉ።

ኤጀንቱ ትክክለኛውን ፋይል ስንት ጊዜ እንዳገኘና በስንት ፍለጋ እንደደረሰበት ይመዘገባል። ከዚያ መግለጫው ተሻሽሎ ያው ፈተና ይደገማል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቁት መመዘኛዎች ለዚህ ብቻቸውን አይበቁም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውና በሰፊው የሚጠቀሰው ኤስ ደብልዩ ኢ ቤንች ለምሳሌ፣ በፓይተን ቋንቋ ከተጻፉ 12 ፕሮጀክቶች የተሰበሰቡ 2 ሺህ 294 ጉዳዮችን የያዘ ነው። በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ኤጀንት በአማርኛ ማብራሪያ የተጻፈን የወረዳ ፕሮግራም በሚገባ ያነባል ብሎ መደምደም አይቻልም።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የፍለጋ መሣሪያ መግለጫ መጻፍ የባለሙያ ሥራ ቢመስልም የሚጀምረው ከኃላፊዎች ውሳኔ ነው። በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ያሠራውን ፕሮግራም ሶርስ ኮድ ከነሰነዱ መረከብ አለበት። ኮዱን ሳይረከብ የቀረ ተቋም ለኤጀንትም ሆነ ለሰው ባለሙያ የሚያስፈልገው ነገር በእጁ የለም። ስለዚህ በጨረታ ሰነድና በውል ውስጥ የሚረከበው ኮድ፣ የስም አወጣጡ ደንብ፣ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል የሚጻፉበት አንድ ወጥ ዝርዝርና የፍለጋ መሣሪያዎቹ መግለጫ በግልጽ ቢሰፍሩ ይመረጣል።

በሁለተኛ ደረጃ ለመግለጫው ባለቤት መመደብ ያስፈልጋል። መሣሪያው ተሻሽሎ መግለጫው ሳይሻሻል ከቀረ ከመጀመሪያው ባልተጻፈ ይሻል ነበር። በዚህ ምክንያት መግለጫው ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ ተቀምጦ፣ ማንኛውም ለውጥ የሁለቱን መጣጣም ሳይረጋገጥ እንዳይጸድቅ ማድረግ ተገቢ ነው። ኤጀንቱ ምን ፈልጎ ምን እንዳገኘ የሚያሳይ መዝገብም መያዝ አለበት። ቅሬታ ሲቀርብ ስህተቱ ከፍለጋው ይሁን ከኮዱ ለመለየት የሚቻለው በእርሱ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሥራው የሰው ኃይል ይጠይቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ የፕሮግራም አጻጻፍና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርት የሚሰጥ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በዘርፉ ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ በአካባቢው የሚገኙ ተቋማት ተማሪዎች በልምምድ ጊዜያቸው ሊሠሩት የሚችሉት ጠቃሚ ተግባር አንዱ፣ የወረዳ ፕሮግራሞችን የቃላት ዝርዝርና የፈተና ጥያቄ ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጋር ሆኖ ማዘጋጀት ነው። «አዋሳኝ»፣ «ባለይዞታ»፣ «ማሳ» እና «ስጦታ» የሚሉት ቃላት በቅጹ ላይ በምን መልክ እንደሚጻፉ ከማንም በላይ የሚያውቁት መዝገቡን በየቀኑ የሚገልጡት ሠራተኞች ናቸው።

በመጨረሻም ኤጀንቱ ያቀረበውን ለውጥ የሚያጸድቀው ሰው ሊሆን ይገባል። አጽዳቂው ባለሙያ ከተለወጠው መስመር በተጨማሪ ኤጀንቱ ወደ ለውጡ የደረሰባቸውን ፍለጋዎች መመልከት ይኖርበታል። አዲስ ፈንክሽን ተጽፎ ከመጣ ቀዳሚው ጥያቄ «ነባሩ በስንት አጻጻፍ ተፈለገ?» የሚለው መሆን አለበት። ይህ ጥያቄ በጊዜው ከተነሣ፣ ደብተሯን ይዛ ከገጠር ቀበሌ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣች ባለይዞታ በአንድ ፊደል ልዩነት ሳትጉላላ ጉዳይዋን ጨርሳ ትመለሳለች።